ክቡ ማስሊያና የናይሮቢ የበረራ ተማሪ

በናይሮቢ ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኘው የዊልሰን አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,690 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህ ከፍታ ለመንገደኛው ደስ የሚያሰኝ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ለበረራ ተማሪ ግን ገና ከመሬት ሳይነሣ የሒሳብ ጥያቄ ያቀርብለታል። አየሩ በሳሳ መጠን የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያልና፤ በ10,000 ጫማ ላይ መለኪያው 100 ኖት ሲል አይሮፕላኑ በእውነቱ ከ115 ኖት በላይ ይጓዛል።

ማረፊያው የሚጠራው በ1929 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) ዊልሰን ኤርዌይስ የተባለውን ኩባንያ በናይሮቢ ባቋቋሙት በወይዘሮ ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን ስም ነው። የኩባንያው አብራሪ ቶም ካምቤል ብላክ ቤሪል ማርካምን መብረር ባስተማሩበት ዘመን የአብራሪ የሒሳብ መሣሪያ ካርታ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና እርሳስ ነበር። ማርካም በ1936 ዓ.ም. አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብቻቸውን ሲሻገሩ ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ በካናዳ ረግረግ ላይ ለመውረድ ተገደዱ። የነዳጅ ነገር ከወረቀት ላይ ሒሳብ የከበደ መሆኑን የናይሮቢ አብራሪዎች ከዚህ በላይ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

በዚያው በ1930ዎቹ ፊሊፕ ዳልተን የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን ክቡን ማስሊያ ሠራ፤ የአሜሪካ ጦርም ኢ-6ቢ የሚል መለያ ሰጠው። የመሣሪያው አንዱ ገጽ ክብ ስላይድ ሩል ነው፤ ጊዜን፣ ርቀትን፣ ነዳጅንና እውነተኛ ፍጥነትን ያሰላል። በሌላው ገጽ ተማሪው ነፋሱን በእርሳስ ነጥብ ያመለክትና ሰሌዳውን አዙሮ የነፋሱን፣ የአይሮፕላኑንና የመሬቱን መንገድ ሦስት ማዕዘን በዓይኑ ያያል። ዳልተን ራሱ በ1941 ዓ.ም. ተማሪ ሲያሠለጥን በደረሰ የአይሮፕላን አደጋ ሞተ።

ከ1970ዎቹ ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ማስሊያዎች መጡ፤ ኋላም ታብሌት ተከተለ። እነዚህ ፈጣኖች ናቸው፤ ክቡ ላይ በዓይን ግምት የሚነበበውን ቁጥር እነርሱ አጥርተው ይሰጣሉ። አየሩ ሲናወጥ በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው ሰሌዳ ማዞር ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል። ስለዚህ አዲሱን መሣሪያ መናቅ አይገባም። ክርክሩ ግን ስለ አስተማሪነት ሲሆን ለክቡ ያደላል።

ከዊልሰን እስከ ሞምባሳ 240 የባሕር ማይል ያህል ነው። እውነተኛ ፍጥነቱ 100 ኖት የሆነ አይሮፕላን 20 ኖት የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው ጉዞው 3 ሰዓት ይፈጃል። ተማሪው ተሳስቶ ነፋሱ ከኋላ የሚመጣ ነው ብሎ ቢያስገባ ማስሊያው ያለ ማመንታት 2 ሰዓት ይለዋል፤ ስሕተቱም የአንድ ሰዓት ነዳጅ ነው። በታብሌቱ መስታወት ላይ የሚታየው መልሱ ብቻ ነው። በክቡ ላይ ግን የእርሳሱ ነጥብ በተቃራኒው ወገን ተቀምጣ ስለምትታይ በተማሪው ትከሻ በላይ የሚመለከተው አስተማሪ ገና ቁጥሩ ሳይነበብ ጣቱን ዘርግቶ ያመለክታታል።