«አንዴ ጻፈው፣ የትም ይሠራል» የተባለው ቃል የት ደረሰ?

የጃቫ ፕሮግራም አውርዳችሁ፣ ሁለቴ ተጭናችሁት ጭጭ ብሎባችሁ ያውቃል? ስህተት አይናገር፣ መስኮት አይከፍት። አብዛኛው ሰው «ኮምፒውተሬ አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው ባይ ነኝ።

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫን ይዞ ሲመጣ «አንዴ ጻፈው፣ የትም ይሠራል» አለ። ባዶ ፉከራ አልነበረም። ፕሮግራሙ የሚዘጋጀው ለዊንዶውስ ወይም ለማክ ሳይሆን ቨርቹዋል ማሽን ለሚባል አማካይ ነው፤ አማካዩ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው። ችግሩ «ካለ» የምትለዋ ቃል ላይ ናት። ማን ያምጣው?

ማይክሮሶፍት በ1996 ፈቃድ ወስዶ የራሱን ጃቫ ሠራ፤ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሄዱ ነገሮችንም ጨመረበት። ሰን በ1997 ከሰሰው። በ2001 ማይክሮሶፍት 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት ዊንዶውስ ኤክስፒ ጃቫን ሳይዝ ገበያ ገባ። ሰን ገንዘቡን ተቀበለ፣ ጠረጴዛውን አጣ።

አፕል ለዓመታት ጃቫን ራሱ እያዘጋጀ ከማክ ጋር ይሰጥ ነበር። በ2010 እጁን እንደሚሰበስብ አስታወቀ፤ በ2011 የወጣው ላየን ያለ ጃቫ መጣ። ሊኑክስም የራሱ ጣጣ አለው። ኡቡንቱ ላይ ስሙ «ሄድለስ» የሚል የጃቫ ጥቅል አለ፤ ለሰርቨር የታሰበ ነው፣ መስኮት የሚስለው ክፍል የለውም። እሱን የጫነ ሰው ጃቫ አለኝ ብሎ ቢምል አይፈረድበትም፤ ፕሮግራሙ ግን አይከፈትለትም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ከቤት የመጣው ነው። ኦራክል በ2010 ሰንን ገዛ። በ2018 የወጣው ጃቫ 11 ጃቫ ኤፍኤክስን ከውስጡ አወጣ፣ ዌብ ስታርትን አስቀረ፣ ለተራ ተጠቃሚ ተብሎ ለብቻው ይወርድ የነበረውን ማስኬጃም አብሮ አስቀረ። በጃቫ 8 ሰላም የነበረ ፕሮግራም «ጃቫህን አድስ» የሚል ምክር የሰማ ተጠቃሚ ቤት ሲደርስ ሞተ። ምክሩን የሰጡት ደግሞ ራሳቸው ናቸው!

መፍትሔው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2021 ጃቫ 16 ላይ የተረጋጋው ጄፓኬጅ ፕሮግራሙን ከነማስኬጃው አንድ ላይ ይጠቀልላል፤ ተጠቃሚው ጃቫ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ማወቅ የለበትም። ደግ ነው። ግን ለዊንዶውስ በዊንዶውስ፣ ለማክ በማክ፣ ለሊኑክስ በሊኑክስ መጠቅለል አለበት፤ «አንዴ» የተባለው ሦስቴ ሆነ ማለት ነው። ጥቂት ሜጋባይት የነበረው ፋይልም በአሥሮች ሜጋባይት ያድጋል፤ ዳታ በካርድ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ያም ሆኖ እኔ ጥቅሉን እመርጣለሁ። የጃቫ ዓይነት የመምረጥ ሸክም የፕሮግራመሩ እንጂ የሒሳብ ሠራተኛዋ መሆን የለበትም።

ያልተጠቀለለ ፕሮግራም የገጠማችሁ፣ ዝምታውን ለመስበር ሁለቴ መጫኑን ተዉት። ዊንዶውስ ላይ ጃር ፋይሉን ዊንራር ወስዶት እንደ ዚፕ እየከፈተው ይሆናል፤ ካልሆነም የሚያስነሳው ጃቫዳብልዩ የስህተቱን ዝርዝር የሚጽፍበት የትእዛዝ መስኮት የለውም። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱና ፋይሉን ከዚያ አስነሱት። «ክላስ ቨርዥን» ብሎ 55 ከጠራ ጃቫ 11፣ 61 ከጠራ ጃቫ 17 ይፈልጋል፤ ከቁጥሩ ላይ 44 ቀንሱ።