የስማርት ሰዓታችሁ «ዜሮ» እውነት ዜሮ ነው?

ስማርት ሰዓት ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ ይመስላል። ግን ቻርጅ ላይ ሲሆን፣ ከእጅ ሲወልቅ ወይም ማሰሪያው ሲላላ መዝገቡ ይቋረጣል። ክፍተቱን በዓይን የምታዩበትን ቀላል መንገድ እናሳያችሁ።

ለምን ያስፈልጋል?
አንድ የጨንቻ ልጅ 5 ቀን ሰዓቱን አስሮ በየቀኑ 9,000 እርምጃ ሄደ እንበል። 2 ቀን ግን መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ቤት ቀረ። እነዚህ ቀናት ዜሮ ተብለው ለ7 ከተካፈለ አማካዩ 6,429 ገደማ ይሆናል። ልጁ ግን ያኔም ዳገቱን ወጥቷል፤ የጎደለው መዝገቡ ነው።

የልብ ምትም እንደዚያው ነው። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ልቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጠን ብሎ ሊመታ ይችላል። ነገር ግን አርባ ምንጭ ማታ ማታ፣ ጨንቻ ቀን ቀን ብቻ ካሰራችሁት፣ ያወዳደራችሁት ከፍታን ሳይሆን እንቅልፍን ከእርምጃ ጋር ነው።

እንዴት ይሳላል?
ባለ ካሬ ደብተር ወይም ኤክሴል ይበቃል።
• እያንዳንዱ ቀን አንድ አግድም መስመር፣ 24ቱ ሰዓት 24 ካሬ ይሁን።
• የተመዘገበውን ሰዓት አጥቁሩ፣ መዝገብ የሌለውን ነጭ ተዉት።
• ታስሮ እንቅስቃሴ ያልነበረበትን ግራጫ ቀቡ። ዜሮና ባዶ አንድ ቀለም አይሁኑ።
• በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። አንዱን ምረጡና አትቀላቅሉ።

ሲያልቅ እንደ ዶርዜ ሸማ ነው፦ ቀኑ ማግ፣ ሰዓቱ ድር። የተዘለለው ክር ከሩቅ ይታያል።

እንዴት ይነበባል?
• ከላይ እስከ ታች የወረደ ነጭ፦ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ታወልቃላችሁ፤ ምናልባት ለቻርጅ ወይም ለእንቅልፍ።
• ሙሉ ነጭ መስመር፦ ባትሪ አልቋል ወይም ረስታችሁታል።
• እዚህም እዚያም የተበተነ ነጭ፦ ማሰሪያው ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ስንት መዝገብ ይበቃል?
በብሪታንያው የዩኬ ባዮባንክ ጥናት ከ100,000 በላይ ሰዎች ለ7 ቀን የእንቅስቃሴ መለኪያ እጃቸው ላይ አስረዋል። ተመራማሪዎቹ ቢያንስ የ72 ሰዓት መዝገብ የሌለውን ሰው ከስሌቱ አውጥተዋል። ከ24ቱ ሰዓት አንዱ እንኳ በሁሉም ቀን ባዶ የሆነበትንም እንዲሁ።

ለሐኪም የምታሳዩት ነገር ካላችሁ ቁጥሩን ከነምስሉ ውሰዱ። «ሌሊት ልቤ ደህና ነው» ለማለት መጀመሪያ ሌሊቱ መመዝገብ አለበት።