የአራዳ ልጆች የኳስ ጨዋታ ታሪክ

ዛሬ ምን አለሽ ተራ የሚገኝበት መርካቶ የተመሠረተው በጠላት ዘመን ነው። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ነጩንና ጥቁሩን ለያይቶ ለማኖር ሲል፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ጠላት ከመግባቱ በፊት፣ የአራዳ ልጆች አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቁመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ሰይመውት ነበር። ገበያው ከአራዳ ቢነሣም የቡድኑ ስም አልጠፋም። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገር ውድድር በተደረገ ጊዜ ከአምስቱ ቡድኖች አራቱ የእንግሊዝ ወታደሮች፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የኢጣልያኖች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንን ወክሎ የቆመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበረ። አሸናፊነቱንም እንግሊዞቹ ወሰዱ።

በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በዚሁ ቡድን ተጫወቱ። ከ1964 ዓ.ም. እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሰውን በቀለሙ የሚለይ ሥርዓት ምን እንደ ሆነ በከተማቸው አይተውት ነበርና፣ የደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዝ ከኳስ ሜዳ እንዲወገድ አጥብቀው ተከራከሩ፤ የዓለም እግር ኳስ ማኅበርም በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። ስለዚህ የልጆችን ጨዋታ እንደ ከንቱ ነገር ቈጥሮ መናቅ አይገባም።