መንገድን የቀደመች አውቶሞቢል

የአንድ አሮጌ አውቶሞቢል ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በባለቤቶቹ ተራ ነው። ማን አሠራት? ማን ገዛት? ከማን ወደ ማን ተላለፈች? በአውሮፓና በአሜሪካ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና የአካል ሠሪው ምልክት ተሟልተው የተገኙላት ጥንታዊት መኪና ዋጋዋ ከብረቷ ዋጋ እጅግ ይልቃል። በአገራችን ግን የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል ታሪክ ከባለቤቷ ይልቅ በመንገዱ የሚተረክ ነው።

በዚያን ዘመን የአውቶሞቢል ሥራ በሁለት ሙያ የተከፈለ ነበር። ፋብሪካው ሻንሲውን፣ ሞተሩን፣ ማርሹንና መንኮራኩሩን ያዘጋጃል፤ አካሉን ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ለፈረስ ሠረገላ ይሠራ የነበረ ባለሙያ በእንጨት አዋቅሮ፣ በቆርቆሮ ወይም በአሉሚኒየም ለብጦ፣ ቀለሙን በእጁ ደራርቦ ይፈጽመዋል። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መኪኖች በመልክ አንድ ላይሆኑ ይችሉ ነበር። ይህ ጥበብ ከሠረገላ የተወለደ ነው፤ ሠረገላም በበኩሉ ከተደለደለ መንገድ ውጭ አይኖርም።

የጣና አካባቢ ይህንን እውነት ከአውቶሞቢል አስቀድሞ አይቶታል። ጎርጎራ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በኖራና በጥርብ ድንጋይ የታነጹ ሕንፃዎች ነበሯት፤ ጭነቱ ግን በበቅሎ፣ በሰው ትከሻና በታንኳ ይጓዝ ነበር። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ባሠሩ ጊዜ፣ ከመድፉ መቅለጥ የማያንስ ችግር ያስከተለው ማጓጓዙ ሆነ። በ1860 ዓ.ም መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሠረገላውን ሲጎትቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ያስጠርጉ ነበር። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል።

ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ተመሳሳዩ ፈተና በሸዋ ተደገመ። ዐፄ ምኒልክ መንገድ መደልደያ የእንፋሎት መኪና በአርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን አማካይነት አስመጥተው ነበር፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። መንገድ ሊሠራ የመጣው ይህ መኪና ራሱ መንገድ አጥቶ በብዙ ሰው ጉልበት ተጎትቶ ከመናገሻ ከተማው ደረሰ። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ገብቶ ቆሞ ነበርና፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው።

አውቶሞቢሏ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ቢድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1907 ከአገሩ ተነሥቶ፣ ሬጂናልድ ዌልስ ከተባለ መካኒክና «ቡሊ» ከተባለ ውሻው ጋር፣ 18 የፈረስ ጉልበት ያላትን ሲድሊ ይዞ ጉዞ ጀመረ። ይህ ሰው በኋላ ስመ ጥር ከሆነው የቤንትሊ አውቶሞቢል መሥራች ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። መኪናዪቱ በ1900 ዓ.ም፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በተሾሙበት ዓመት፣ አዲስ አበባ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ በሳክሶኒ የተሠራችውን ናኬ ይዞ ደረሰ። ሁለቱም ጉዞዎች መጽሐፍ ተጽፎላቸዋል፤ የሆልትስ እ.ኤ.አ. በ1908፣ የቤንትሊ ደግሞ በክሊፎርድ ሃል እጅ በ1913 ታትሟል።

ምኒልክ ለአዲስ መሣሪያ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ በአውቶሞቢሏም ተቀምጠው ሄዱ። ነገር ግን ቤንዚኑና ጎማው፣ መለዋወጫውም ሁሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር፤ ለመኪና የሚሆነው መንገድም ከከተማው እምብዛም አይርቅም ነበር። በ1902 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱን ጽኑ ሕመም ጣላቸው፤ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ዐረፉ። ባለቤቲቱን መኪና በጤና የተገለገሉባት ከሁለት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

የፋብሪካዋም ዕድል ከእጅ ወደ እጅ መዞር ሆነ። ሲድሊ ትመረት የነበረው በወልስሊ ኩባንያ ውስጥ ነው። ስሙን የሰጣት ጆን ሲድሊ እ.ኤ.አ. በ1909 ኩባንያውን ለቀቀ፤ ወልስሊም ከስሮ በ1927 በዊልያም ሞሪስ ተገዛ፤ ስሙም በ1975 ከገበያ ጠፋ።

አውቶሞቢል ወደ ጣና ዳርቻ በብዛት የደረሰው በሌላ መልክ ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የኢጣልያ ወራሪ ሞተረኛ ጦር ጎንደር ገባ፤ በሚያዝያም ወደ ሐይቁ ወረደ። ሲድሊ አዲስ አበባ ከገባች 28 ዓመት ሆኖ ነበር። በምኒልክ ዘመን መንገድ ያጣው መንኮራኩር አሁን መንገድ አገኘ፤ መንገዱ ግን የተቀደደው ለወራሪው ጥቅም ነበር። በጎርጎራ ኮረብታ ላይ ወራሪው ያቆመው ሐውልት የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

ከዚህ ታሪክ መሐንዲሶች የሚቀስሙት ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያን መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ መሣሪያው የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚጠግነውን እጅና የሚመዘግበውን ሰነድ ማዘጋጀት የትውልድ ሥራ ነው። ዛሬ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች ጋራዦች ውስጥ የሚገኙ አሮጌ መኪኖች ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጣቸው በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥራቸው ተመዝግቦ፣ ሊብሯቸው ቢጠበቅ ለነገ ታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ስንቅ ይሆናል። ሊብሬ የባለቤትን ስም ይይዛል፤ ድንጋዩን ያነሡትና መኪናውን የጎተቱት ሰዎች ግን የሚታወሱት ታሪካቸውን የሚጽፍ ሲገኝ ብቻ ነው።