«አለህ?» እና «ዝግጁ ነህ?»፤ ከናይሮቢ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ናይሮቢን የቈረቈራት ባቡር ነው። ከሞምባሳ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1896 መዘርጋት የጀመረው የኡጋንዳ የባቡር ሐዲድ ሜይ 30 ቀን 1899 እስኪደርስባት ድረስ ስፍራዋ ማሳዮች በቀዝቃዛ ውሃዋ የሚጠሯት ረግረጋማ ሜዳ ነበረች። ሐዲዱ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ፤ ናይሮቢም በመካከል የባቡሩ ዋና ጣቢያና የዕቃ ማከማቻ ሆና አደገች።

በነጠላ ሐዲድ ላይ የሚፈራው ትልቁ አደጋ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት መጋጨታቸው ነው። ስለዚህ እንደዚህ ባሉ መሥመሮች የአንዱ ጣቢያ ሹም ባቡሩን ከመልቀቁ በፊት የሚቀጥለውን ጣቢያ በቴሌግራፍ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄውም «አለህ ወይ?» የሚል አልነበረም፤ «መሥመሩ ክፍት ነው ወይ? ባቡሩን ልልቀቅ?» የሚል ነበር። የዚያኛው ሹም በወንበሩ ላይ መገኘት ብቻውን ባቡሩን ከአደጋ አያድነውምና። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር ሥራ ላይ እንደገና የተነሣው ይኸው ጕዳይ ነው።

የዛሬይቱ ናይሮቢ ዕቃን ብቻ ሳይሆን ገንዘብንም ታመላልሳለች። ሳፋሪኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በማርች 2007 «ኤም-ፔሳ»ን ጀመረ፤ «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። ሒሳቡን የሚይዙት ሰርቨሮች እስከ 2015 ድረስ በጀርመን አገር ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ወደ ኬንያ ተዛወሩ። አፕሪል 24 ቀን 2017 የኩባንያው መረብ ለሰዓታት ሲቋረጥ ስልኩም ኤም-ፔሳውም ባንድነት ቆሙ። በስልክ ገንዘብ ለሚገበያይ ሕዝብ ይህ ማለት የገበያ መቆም ነው። ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም፤ ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳም በ2023 በኢትዮጵያ ሥራ ጀምረዋል።

እንግዲህ አንድ ማሽን ደኅና መሆኑን በምን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ «ፒንግ» የተባለች አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ፒንግ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መልእክት ትልካለች፤ መልስ ከመጣ ማሽኑ አለ፤ ካልመጣ ወይ ማሽኑ ወይ መንገዱ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ማሽኑ ሥራውን በደንብ መሥራት አለመሥራቱን ግን አትነግረንም።

በኋላ የመጣው ለውጥ ጥያቄውን አከበደው። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን ዕቃን በብረት ሣጥኖች አሽጎ በመርከብ ማጓጓዝ ጀመረ፤ ዛሬም እነዚህ ኮንቴይነሮች ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ በባቡር ይጓዛሉ። የሶፍትዌር ሰዎች ሐሳቡንም ስሙንም ተዋሱ። በ2013 ይፋ የሆነው «ዶከር» አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር በአንድ ኮንቴይነር አሽጎ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ማስነሣትን አቀለለ። በ«ክላውድ»፣ ማለት በኪራይ በሚገኙ የሩቅ ኮምፒዩተሮች ላይ፣ ኮንቴይነሮች በመቶና በሺህ ሲቆጠሩ ሰው ዞሮ ሊጠብቃቸው አይችልም። ጉግል በ2014 «ኩበርኔቲስ» የተባለውን ተቆጣጣሪ ሶፍትዌር ያወጣው ለዚህ ነው፤ ቃሉ በግሪክኛ የመርከብ መሪ ማለት ነው።

ይህ መሪ ለኮንቴይነሩ ሦስት ጥያቄዎች ሊያቀርብ ይችላል። አንደኛው «ተነሥተህ ጨርሰሃል?» የሚል ሲሆን ቀስ ብሎ ለሚነሣ ፕሮግራም ፋታ ይሰጣል። ሁለተኛው «ሕያው ነህ?» ይላል፤ መልስ ከታጣ ኮንቴይነሩ ተዘግቶ እንደገና ይነሣል። ሦስተኛው «ሥራ ለመቀበል ዝግጁ ነህ?» ይላል፤ መልሱ «አይደለሁም» ከሆነ ኮንቴይነሩ አይዘጋም፤ ሥራ ወደ እሱ መላኩ ብቻ ይቆማል። ባለሙያው ጥያቄውን ሲያዋቅር ሌላ ቍጥር ካልሰጠ በቀር መሪው በየ10 ሴኮንዱ ይጠይቃል፤ መልሱን 1 ሴኮንድ ይጠብቃል፤ በተከታታይ 3 ጊዜ ሳይሳካ ከቀረም ርምጃ ይወስዳል።

ጥያቄዎቹ ሲምታቱ የሚደርሰውን ጕዳት በምሳሌ እንመልከት። የአንድ ናይሮቢ ሱቅ ፕሮግራም በ10 ኮንቴይነሮች ተከፍሎ የኤም-ፔሳ ክፍያ ማስታወቂያ ይቀበላል እንበል። የወር መጨረሻ ነው፤ ገበያተኛው በዝቷል፤ ሁሉም የሚጠቀሙበት የመረጃ ቋትም ዘገየ። ባለሙያው «ሕያው ነህ?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ የመረጃ ቋቱን መልስ ጨምሮበት ከሆነ ዐሥሩም በ1 ሴኮንድ መመለስ ያቅታቸዋል። መሪው እንደ ሞቱ ቈጥሮ ሁሉንም ዘግቶ ያስነሣቸዋል። የተጀመረው ሥራ ይቋረጣል፤ ሲነሡም ባንድ ጊዜ ወደ ደከመው ቋት ይሮጣሉና ቋቱ ይብስበታል። ድካምን ሞት ብሎ የመረመረ ሐኪም በሽተኛውን ገደለው ማለት ነው።

ስለዚህ ሕያውነት ሲጠየቅ ኮንቴይነሩ ስለ ራሱ ብቻ ቢመልስ ይበጃል፤ ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር መኖሩ የሚጠየቀው በዝግጁነት ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ ቋቱ ቢደክም ሱቁ ለጥቂት ጊዜ በሩን ይዘጋ ይሆናል፤ ቋቱ ሲያገግም ግን ኮንቴይነሮቹ ካሉበት ይቀጥላሉ። የጊዜው ልክም ማስተዋል ይፈልጋል፤ ሲበዛ ቢያጥር ጤነኛው እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ ሲበዛ ቢረዝም ለሞተው ሥራ ሲላክ ይቆያል።

ፍተሻው ራሱ ወሰን አለው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረ የሲስተም ችግር ብዙ ደንበኞች፣ ከነዚህም ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣት ቻሉ፤ ባንኩም ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። በዚያች ሌሊት የገንዘብ መክፈያ ማሽኖቹ «አላችሁ?» ቢባሉ «አለን» በማለት በመለሱ ነበር፤ ይከፍሉ ነበርና። የጎደለው የሒሳቡ ትክክለኛነት ነው፤ እርሱም የራሱ ጥያቄ ያስፈልገዋል።

እኛም መምህራን በየማለዳው ስም ስንጠራ «አቤት» የሚል መልስ እንሰማለን። ይህ መልስ ተማሪው መኖሩን ያስረዳል እንጂ ትምህርቱን ለመቀበል መዘጋጀቱን፣ ይልቁንም የትናንቱ በትክክል የገባው መሆኑን አያስረዳም። በክፍል ውስጥ ተማሪዎች አንድ የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤቱን የውሃ ፓምፕ፣ ወስደው ስለ መኖሩ፣ ስለ ዝግጁነቱና ስለ ሥራው ትክክለኛነት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንዲያወጡ፣ ለያንዳንዱ አሉታዊ መልስም ምን ርምጃ እንደሚወስዱ እንዲጽፉ ቢደረግ ነገሩን ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ይረዱታል።