የጠያቂው ቃልና የተጠያቂው መልስ

መምህር ጥያቄ ሲያቀርብ የመልሱን መንገድ አብሮ ይጠርጋል። የጥያቄው ቃል ካልተቃና፥ መልስ ሰጪው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፥ መልሱ ከእውነት ይርቃል። ለዚህም የኡጋንዳዊው ሊቅ የኦኮት ፕቢቴክ የምርምር ሕይወት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ኦኮት በ1931 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው መምህር ነበሩ። በ1956 ከአገራቸው የእግር ኳስ ቡድን ጋር ወደ ብሪታንያ ተጉዘው በዚያው ቀሩና በብሪስቶል የማስተማር ሙያን፥ በአበሪስትዊዝ ሕግን፥ በኦክስፎርድ አንትሮፖሎጂን ተማሩ። የክርስትና እምነታቸው የላላው በዚሁ ዘመን ነው። በኦክስፎርድም አስተማሪዎቻቸው አፍሪቃውያንን አረመኔ እያሉ ሲጠሩ በሰሙ ጊዜ ተቃውሟቸውን ገለጹ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሩ፤ በካምፓላም የኡጋንዳን የባህል ማእከል መሩ።

ኦኮት ስለ አፍሪቃ ሃይማኖቶችና ስለ ምዕራባውያን ምርምር በጻፉት መጽሐፍ ከተረኳቸው ነገሮች አንዱ የሚከተለው ነው። በ1911 የኢጣልያ ካቶሊካውያን ካህናት የአቾሊን ሽማግሌዎች ማን እንደ ፈጠራቸው ጠየቁ። በአቾሊ ቋንቋ ግን ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣትን የሚገልጽ ቃል አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው፥ ሸክላ ሠሪ ጭቃን እንደሚያበጅ፥ ማን አበጃችሁ ወደ ማለት ተለወጠ። ሽማግሌዎቹም አናውቅም አሉ። ካህናቱ አጥብቀው በጠየቁ ጊዜ ግን አንዱ ሽማግሌ የአከርካሪ ነቀርሳ የያዘው ሰው እንደሚጐብጥ አስታወሰና፥ ሰውን እንዲህ የሚያበጀው ሩባንጋ ነው ሲል መለሰ። ሩባንጋ ጉብጠትን ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ክፉ መንፈስ ነበር። ካህናቱም ይህን ስም ለፈጣሪ ሰጥተው ማስተማር ጀመሩ።

የኦኮት ወቀሳ በሚሲዮናውያን ላይ ብቻ አልቆመም። ከ1964 እስከ 1974 በማከሬሬ ያስተማሩት ኬንያዊው ቄስ ጆን ምቢቲ በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ አፍሪቃዊ በኑሮው ሁሉ ሃይማኖተኛ መሆኑን አስረድተው ነበር። ምቢቲ በዚህ ሥራቸው የተናቀውን የአፍሪቃ እምነት አስከብረዋል። ኦኮት ግን፥ ሊቃውንቱ ስድቡን ለመመለስ ሲሉ የአፍሪቃን አማልክት የግሪክ ልብስ አለበሷቸው፤ አለማመን በአፍሪቃም ሊኖር እንደሚችል ዘነጉ ብለው ተከራከሩ።

ኦኮት በ1982 በካምፓላ ዐረፉ። በ2014 በተደረገው የኡጋንዳ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከመቶ 39 ያህል ሲሆኑ፥ ሃይማኖት የለንም ያሉት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። በቍጥሩ ሲታይ የኦኮት አለማመን በአገራቸው ተከታይ ያላገኘ ይመስላል። ነገር ግን ቆጠራ ሰው ራሱን በምን ስም እንደሚጠራ እንጂ፥ በልቡ ያለውን አይመዝንም።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ቤት የሚተርፈው ቁም ነገር፥ ምቢቲ ወይም ኦኮት ረታ የሚለው ፍርድ አይደለም። የአቾሊ ሽማግሌዎች የመጀመሪያ መልስ፥ ይኸውም አናውቅም ያሉት፥ ከሁሉ የታመነው መልስ ነበር። ተማሪ አላውቅም ባለ ጊዜ አስተማሪው ከመገሠጹ በፊት የገዛ ጥያቄውን ይመርምር።