ምላስን ወደ ፊት የመግፋት ልማድና የመዋጥ ችግር ሕክምና

ምላስን መግፋት የሚባለው በሚውጡበት ጊዜ ምላስ በፊት ጥርሶች መካከል ሲሾልክ ነው። ለጨቅላ ሕፃን ተፈጥሯዊ ነው፤ ከ6 ዓመት በኋላም ከዘለቀ ግን የፊት ጥርሶች እንዳይገጥሙ ሊያደርግ ይችላል፣ የ«ሰ» እና የ«ዘ» አጠራርም ይኮላተፋል። ጣት መጥባት፣ ያበጠ ቶንሲልና በአፍ መተንፈስ ያባብሱታል።

እንጥል ማስቆረጥ መድኃኒቱ አይደለም። በአገራችን የቆየው ይህ ልማድ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል እንጂ ምላስን አያቀናም።

አሜሪካዊው የጥርስ አስተካካይ ሐኪም አልፍሬድ ሮጀርስ በ1918 እ.ኤ.አ. ስለ ፊት ጡንቻዎች ልምምድ ጽፎ ነበር። ዛሬ በሚሰጠው ልምምድ ልጁ የምላሱን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርሱ ጀርባ ባለው ድድ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም ጥርሱን ገጥሞ፣ ከንፈሩን ሳያጨማድድ ጥቂት ውኃ ይውጣል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ለወራት በየቀኑ ካልተደጋገመ ልማዱ ይመለሳል፣ በማስተካከያ ሽቦ (ብሬስ) የተስተካከለውንም ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። አፍንጫው የታፈነ ልጅ አስቀድሞ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

የመዋጥ ችግር ከዚህ ይከብዳል። ስትሮክ በመታው ሰው ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። መብላትን የሚያውከው ሌላው በሽታ ሥጋ ደዌ ነው፤ በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ነው። በሽታው የፊት ነርቭን ሲጎዳ ከንፈር አልገጥም ይላል፣ ምራቅና ምግብም ይፈስሳል።

የመዋጥ ሕክምና ባለሙያው ቀና ብሎ መቀመጥን፣ ትንሽ ትንሽ መጉረስን፣ አንዳንዴም አገጭን ዝቅ አድርጎ መዋጥን ያስተምራል። ውኃ ጉሮሮ ሳይዘጋጅ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ ለአንዳንዱ ታማሚ ወፈር ያለ አጥሚት ይቀልለታል። ሲበላ የሚያስለውን ታማሚ አስተኝታችሁ አታጉርሱ።